የምክር ዓምድ፦ «ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፣ ቀን ሰውነቴ አይታዘዘኝም»

ደብዳቤው የመጣው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን አካባቢ ነው። ጸሐፊው የ25 ዓመት ወጣት ነው። በአካውንቲንግ ተመርቆ በሙያው ሥራ ስላላገኘ ታይዋን ገበያ በዘመድ ሱቅ ውስጥ ይሸጣል። ሱቁ ጠዋት ከ2 እስከ 6 ሰዓት ክፍት ነው፤ ለቀትር ይዘጋና ከ10 ሰዓት እስከ ማታ 2 ሰዓት እንደገና ይከፈታል። ልጁ ከእናቱና ከሁለት ታናናሽ ወንድሞቹ ጋር የሚኖረው አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነው። እንዲህ ይላል፦

«አልጋ ላይ የምወጣው ማታ 5 ሰዓት ነው፤ እንቅልፍ የሚወስደኝ ግን ሌሊት 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ነው። እስከዚያ ስልኬን እነካካለሁ፣ የሥራ ማስታወቂያ አያለሁ፣ እገላበጣለሁ። 12 ሰዓት ተኩል ላይ እናቴ ትቀሰቅሰኛለች። ሱቅ ውስጥ ደንበኛ እያናገረኝ ዓይኔ ይከደናል። በሳምንት ሦስት አራት ቀን ከምሳ በኋላ ከጓደኞቼ ጋር እቅማለሁ። በማልቅምበት ቀን ደግሞ ከ7 እስከ 10 ሰዓት ድረስ ድርግም ብዬ እተኛለሁ። እንዲህ ከሆንኩ ከዓመት በላይ ሆኖኛል። መስከረም ላይ ትኩሳት ይዞኝ ጥቂት ቀን ወድቄ ነበር፤ አልታከምኩም፣ ከዚያ ወዲህ ድካሙ ብሶብኛል። እናቴ ‹ሰነፍክ› ትለኛለች። አንድ ጓደኛዬ የእንቅልፍ ክኒን ልስጥህ ብሎኛል። ሐምሌ ላይ የባንክ ፈተና አለብኝ። ታምሜ ነው ወይስ እውነትም ሰንፌ?»

ወንድሜ፣ በድሬ ወግ አንተ ልበልህ። ከመጨረሻው ጥያቄህ ልጀምር፦ ሰንፈህ አይደለም። ሰነፍ ሰው በዚያ እንቅልፍ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሱቅ አይከፍትም፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይም ሥራ አይፈልግም። ታምመህ እንደሆነ ግን ሳትመረመር ማንም ሊነግርህ አይችልም፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

የተማርከው ሒሳብ ነውና የጻፍክልኝን ሰዓት እንደምረው። በማትቅምበት ቀን ሌሊት አራት ሰዓት ገደማ፣ ቀን ሦስት ሰዓት ትተኛለህ፤ ሰባት ይሞላል። በአንተ ዕድሜ ላለ ሰው የሚመከረው ከ7 እስከ 9 ሰዓት ነው። በምትቅምበት ቀን ግን አራቱ ብቻ ይቀራሉ። እኔ ይህን ሳየው መተኛት ያቃተው ሰው አልታየኝም። መተኛትስ ትተኛለህ፤ የሌሊቱን እንቅልፍ ከሰዓት በኋላ እየተኛኸው ወይም በጫት እያባረርከው ነው። ማታ አልጋ ውስጥ የምትታገለው ነገር ቀን 7 ሰዓት ላይ የተወሰነ ነገር ነው። ስለዚህ የምነግርህ አብዛኛው ስለ ሌሊትህ ሳይሆን ስለ ቀንህ ነው።

ጫቱን በአንድ መስመር አልፈኸዋል፤ እኔ ግን ረዘም አድርጌ ልናገርበት። ድሬ ውስጥ ተቀምጦ ስለ ጫት መምከር ከባድ ነው። የአወዳይ ዙሪያ ገበሬ ልጁን ያስተማረበት ነው፣ ሠርግም ለቅሶም ላይ ይቀርባል፤ አንተም ብትሆን የምትሄደው ቀትሩን ከሰው ጋር ለማሳለፍ ጭምር እንደሆነ ይገባኛል። ቢሆንም ቅጠሉ ሰውነትህ ውስጥ ምን እንደሚሠራ እወቅ። እርጥብ ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ሥራው እንደ አምፌታሚን ነው፦ አንጎልን ያነቃል፣ የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። አብሮት ያለው ካቲን ደግሞ ጉልበቱ አነስ ቢልም ከሰውነት የሚወጣው ቆይቶ ነው። 8 ሰዓት ላይ ጀምረህ 10 ሰዓት ላይ ሱቅ ስትገባ ምርቃናው ገና አልወረደም። ሱቁ ተዘግቶ፣ ራት ተበልቶ፣ ወንድሞችህ ተኝተው አንተ ስትጋደም ሰውነትህ ደክሟል፣ አንጎልህ ግን ገና ሥራ ላይ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ምርቃናው ሲወርድ ድብርት ይከተላል። «ጓደኞቼ ሥራ ያዙ፣ እኔ ቀረሁ» የሚለው ሐሳብ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ መጥቶ ደረትህን ሲጫንህ፣ ነገሩ ከመሠረቱ ውሸት ባይሆንም፣ ያን ያህል ያከበደው የጫቱ መውረድ ሊሆን ይችላል። ያንኑ ሐሳብ ጠዋት ሱቅ ውስጥ አስበው፤ ክብደቱ እንደሚለያይ ራስህ ታየዋለህ።

የእኔ ሐሳብ እስከ ሐምሌው ፈተና ድረስ ሙሉ ለሙሉ እንድትተወው ነው። መቀነስ ለብዙ ሰው ከማቆም ይከብዳል፤ በሳምንት አራት ቀን የነበረው ሁለት ይሆንና በሁለተኛው ሳምንት ወደ አራት ይመለሳል። ጭራሽ አልችልም ካልክ ግን በሳምንት አንድ ቀን ይሁን፣ እሱም ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ይብቃ። ባቆምክ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ዱካክ ሊመጣብህ ይችላል፦ ቅዠት፣ በላብ ተዘፍቆ መንቃት፣ ቀን ደግሞ መጫጫንና መነጫነጭ። ይህ ሲመጣ «ይኸው ጫት ስተው ባሰብኝ» ብለህ እንዳትመለስ። ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። ምርቃናውን በቢራ መስበር፣ ጨብሲ የሚሉት ነገር ካለ፣ እሱም ይቅር። መጠጥ ቶሎ ያስተኛል፣ የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ግን ይቆራርጠዋል።

ጓደኞችህን ተው አላልኩህም። ከምሳ በኋላ ያለውን ሰዓት ባዶ ከተውከው እግርህ ራሱ ወደ በርጫው ይወስድሃል፤ መገናኛውን ሰዓት አዛውረው። ማታ 2 ሰዓት ላይ ሱቁን ስትዘጋ ከእነሱ ጋር ወደ ከዚራ ሰፈር ወጣ በሉ፣ ከዛፎቹ ሥር ተራመዱ፣ ጁስ ጠጡ። ከመካከላቸው ለአንዱ፣ ይበልጥ ለምታምነው፣ ለምን እንደቀረህ እውነቱን ንገረው። አንድ ሰው እንኳ ካወቀልህ በየቀኑ «ና እንጂ አቦ» የሚልህ ይቀንሳል።

አሁን ወደ ቀትሩ እንቅልፍ። ቀትር ላይ ጋደም ማለትን አልነቅፍም። ድሬ ሱቋን ዘግታ የምታርፈው በዚያ ፀሐይ መሥራት ስለማይቻል ነው፣ ልክም ናት። ችግሩ ርዝመቱ ነው። ሰው ከነቃበት ሰዓት ጀምሮ የእንቅልፍ ፍላጎቱ እየተጠራቀመ ይመጣና ማታ ሲሞላ ይተኛል። አንተ ከ7 እስከ 10 ሰዓት ስትተኛ፣ ልክ ከራት በፊት ሆዱን በዳቦ እንደሞላ ሰው፣ ማታ ማዕዱ ሲቀርብ ፍላጎቱ የለህም። ከምሳ በኋላ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ብቻ ተኛ፣ 9 ሰዓት ሳይሞላ ተነሣ። የስልኩን ደወል ሞልተህ ከራስህ ራቅ አድርገው፣ ለማጥፋት ቆመህ መሄድ አለብህ። ስትነሣ ፊትህን ታጠብ። የመጀመሪያው ሳምንት ያስለቅሳል፤ እያወቅክ ግባበት። ከዚያ እስከ 10 ሰዓት ያለው ጊዜ ለፈተናው ማንበቢያ ይሁንህ፤ ወንድሞችህ በሌሉበት፣ ጥላ ባለበት ቦታ።

ቡናም የዚሁ የከሰዓት በኋላ ጉዳይ ነው። ካፌይን በብዙ ሰው ሰውነት ውስጥ ግማሹ እስኪወጣ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። 10 ሰዓት ላይ ሱቅ በር ላይ የጠጣኸው ቡና ግማሹ ማታ 3 ሰዓት ላይ ገና አብሮህ አለ ማለት ነው። አቦሉንም ቶናውንም ጠዋት ጠጣ፤ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ቡና፣ ኮካና እነዚያ የኃይል መጠጦች ይቅሩ።

የመነሻ ሰዓትህ 12 ሰዓት ተኩል ነው፤ በጣም ጥሩ፣ እሁድም እንዳትለውጠው። አንጎል ውስጥ ያለው የቀንና የሌሊት ሰዓት የሚስተካከለው በዋነኝነት በብርሃን ነው፤ የጠዋት ብርሃን ያገኘ ሰው ማታ ቶሎ እንቅልፉ ይመጣል። የድሬ ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊት ነፋሻ ነው፤ በባጃጅ ከምትሄድ የመንገዱን ግማሽ በእግርህ ሂደው።

መተኛውን ግን በተቃራኒው ማዘግየት ነው። ማታ 5 ሰዓት ላይ ገብተህ ሦስት ሰዓት ሙሉ ከምትገላበጥ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ግባ። በጋደምክ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እንቅልፍ የሚወስድህ ከሆነ በየጥቂት ቀኑ 15 ደቂቃ እያቀደምክ ወደ 5 ሰዓት፣ ከዚያም ወደ 4 ሰዓት ተኩል አምጣው። ሐኪሞችም ለቆየ እንቅልፍ ማጣት ከክኒን በፊት የሚያስቀድሙት ሕክምና ውስጥ ይህ ዘዴ አለበት። (ይህን የምታነቡ የባጃጅና የመኪና ሹፌሮች ግን ያለ ሐኪም ምክር አትሞክሩት፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መንገድ ላይ እንቅልፍ ሊጥላችሁ ይችላል።)

ስለ አልጋው። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ አልጋው ወንበርም ጠረጴዛም እንደሆነ አውቃለሁ፤ ተበልቶበት፣ ተጠንቶበት፣ ስልክ ታይቶበት ነው የሚተኛበት። አንጎልህ አልጋውን ከመንቃት ጋር እንዳያያይዘው፣ መተኛህን ከመቀመጫህ ለይ። ቀን ምንጣፉ ላይ ወይም ከአልጋው ሌላኛው ጫፍ ተቀመጥ፤ ትራስህንና አንሶላህን ጠቅልለህ አስቀምጥና ልትተኛ ስትል ብቻ አውጣቸው። 20 ደቂቃ ያህል ተጋድመህ ካልመጣ ተነሥተህ ደጃፍ ተቀመጥ፣ ጸልይ ወይም ዝም ብለህ አየር ውሰድ፣ ዓይንህ ሲከብድ ተመለስ። ሰዓት አትይ።

ስልኩ ከራስጌህ ይጥፋ። ብርሃኑ ራሱ እንቅልፍን ያዘገያል፤ ለአንተ ግን ከብርሃኑ ይልቅ የምታነበው ነገር የሚጎዳህ ይመስለኛል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ቴሌግራም ላይ የምታየው የሥራ ማስታወቂያ ጠዋት 2 ሰዓት ላይም እዚያው አለ፤ በሌሊት የሚያመለክቱበት ቢሮ የለም። ማስታወቂያውን ጠዋት ሱቅ ስትገባ ደንበኛ ሳይበዛ እየው። የሚያስጨንቅህን ነገር ደግሞ ማታ ሱቅ ከመዝጋትህ በፊት በደብተር ጻፈው፣ ከጎኑ ነገ ልታደርገው የምትችለውን አንድ ነገር ጨምር። ሌሊት ሐሳቡ ሲመጣ ተጽፎ እንዳለ ታውቃለህ።

ሙቀቱን ሳልጠቅስ ባልፍ የድሬ ሰው አይሰማኝም። እንቅልፍ እንዲመጣ የሰውነት ሙቀት ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የጋለ ቆርቆሮ ሌሊት ቋ ቋ እያለ እስኪበርድ ድረስ ከሥሩ ያለው ክፍል እንደ ቀን ነው። ከመተኛትህ አንድ ሰዓት በፊት ገላህን ታጠብ። የሮቶው ውኃ ማታም ለብ እንዳለ ስለሚቆይ ለዚህ ይስማማል፤ ለብ ያለ ውኃ ደሙን ወደ ቆዳ አምጥቶ ሰውነትን ያቀዘቅዛል። እርጥብ ነጠላ አንገትህ ላይ አድርገህ ከቬንቲሌተር ፊት ተቀመጥ። መብራት ከሌለ ወይም ክፍሉ ጨርሶ የማያስተኛ ከሆነ፣ ግቢው ደኅና ከሆነ፣ እንደ ድሮው ፍራሽ አውጥቶ ደጅ መተኛት ነው፤ ግን በአጎበር።

አጎበሩን አደራ የምልህ ያለ ምክንያት አይደለም። ድሬዳዋ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2013 የደንጌ፣ በ2019 የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ አይታለች፤ በ2022 ደግሞ በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የምትራባው አኖፊሊስ ስቴፈንሲ የምትባለው ትንኝ ያመጣችው የወባ ወረርሽኝ ነበር። የወባዋ ትንኝ የምትነክሰው ማታና ሌሊት ነው፤ የደንጌና የቺኩንጉንያዋ ግን በቀን ነው፣ ስለዚህ በርሜሉና ሮቶውም ይከደኑ። ይህን ያነሣሁት መስከረም ላይ ስለያዘህ ትኩሳት ነው። እንዲህ ያሉ ትኩሳቶች ካለፉ በኋላ ድካሙና የመገጣጠሚያ ሕመሙ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ሊቆይ ይችላል። ያልታከመ ወባ ደግሞ ደም ያሳንሳል።

ስለዚህ እንቅልፍህን እያስተካከልክ በዚሁ ሳምንት ተመርመር፤ አንዱ ሌላውን አይጠብቅም። ጤና ጣቢያ ወይም ሳቢያን ሆስፒታል ሄደህ «ከዓመት በላይ ድካም አለብኝ፣ መስከረም ላይ ትኩሳት ነበረኝ፣ ጫት እቅማለሁ» በል፤ ሦስተኛውን እንዳትደብቅ። የደም መጠንህን፣ ስኳርህን፣ የወባ ምርመራ፣ ካስፈለገም ሰገራና የእንቅርት ዕጢ ምርመራ ያዙልሃል። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል፣ የሌሊት ላብ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ መክሳት ካለህ ሳትጠየቅ ተናገር፤ ቲቢም እንዲህ ያደክማል። ወንድሞችህን ደግሞ «ሳንኮራፋ ትንፋሼ ቁርጥ ይላል ወይ?» ብለህ ጠይቃቸው፤ መልሳቸውን ለሐኪሙ ንገረው። ደም ማነስ ከተገኘብህ ሻይና ቡና ከምግብ ጋር አትጠጣ፣ ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ይከለክላሉ። በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ ለሦስት ወር የዘለቀ እንቅልፍ ማጣት ራሱን የቻለ ሕመም ነው፤ አንተ ዓመት አልፎሃል፣ ስለዚህ «ቀላል ነገር ይዤ ሄድኩ» ብለህ አትፈር። የምትወዳቸው ነገሮች ሁሉ ካስጠሉህ፣ ወይም መኖር አስጠልቶህ የሚያውቅ ከሆነ፣ ደብዳቤ አትጻፍልኝ፤ ዛሬውኑ ለእናትህ ወይም ለቅርብህ ሰው ነግረህ አብራችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ።

እናትህ «ሰነፍክ» ያለችው ፈርታ ይመስለኛል። ያስተማረችው ልጅ ፊቷ ሲደክም የምታየው እሷ ናት፣ ምን እንደሆነ ግን አልነገርካትም። ቁጭ ብለህ ንገራት አይደለም የምልህ፤ ቡና ስታፈላ አጠገቧ ሆነህ «ሌሊት እስከ 8 ሰዓት አልተኛም፣ ልመረመር ነው» በላት። ሥራም ስጣት፦ ቀትር ላይ ከ30 ደቂቃ በላይ ከተኛህ ትቀስቅስህ፣ ማታ ደግሞ ስልክህን ተቀብላ እሷ ጋ ታሳድረው። ይህን የምታነቡ እናቶችም፣ ቀን የሚያንቀላፋ ልጃችሁን ከመውቀሳችሁ በፊት ሌሊት ስንት ሰዓት እንደተኛ ጠይቁት።

የጓደኛህን ክኒን አትውሰድ። እንዲህ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ብዙ ጊዜ ዲያዚፓም ወይም የእሱ ዓይነት ነው። ያስተኛሃል፣ ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያለ እሱ የማትተኛ ትሆናለህ፣ መጠኑም ይጨምራል፤ ከመጠጥ ጋር ከተገናኘ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ጠዋት የሚተውብህ መደንዘዝ ደግሞ ለአንድ የባንክ ፈተና ተፈታኝ አይሆንም። ክኒን የሚያስፈልግህ ከሆነ የመረመረህ ሐኪም ለተወሰነ ቀን ያዝልሃል።

ስለ ፈተናው አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም የዋዜማውን ሌሊት እንደምትፈራው ከደብዳቤህ ገብቶኛል። አሁን ብትጀምር እስከዚያ ከበቂ በላይ ጊዜ አለህ፤ ብዙ ሰው በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ለውጥ ያያል። እንዲያም ሆኖ የዋዜማው ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ካለህ አትደንግጥ። በደኅና ሳምንታት ላይ የመጣ አንድ መጥፎ ሌሊት ያነበብከውን አያጠፋብህም። በዚያ ሌሊት ለመተኛት አትታገል፣ መብራት አጥፍተህ ተጋደም ብቻ። ጠዋት በለመድከው ሰዓት ተነሥተህ፣ ቁርስህን በልተህ፣ አንድ ስኒ ቡና ጠጥተህ ሂድ፤ ጫት ግን «ለዛሬ ብቻ» ብለህም ቢሆን እንዳትነካ።